ይለፍ የሚሉት ቃል

ዝናብ ነው ካስትሮ፤ ሰኞም ማክሰኞም፣
ቺሎዌ ደሴት ላይ ጥላ አይታጠፍም።
በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመው መንደር
ቆርቆሮው ሲመታ፣
ሲያወጋ ያነጋል ከታች ካለው ባሕር።

እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ሱቄ አንድ ክንድ፣
መስታወት ስቀይር፣ ሽቦ ስበይድ፣
ሐሙስ ከሰዓት ላይ ዶኛ ኤዱቪና፣ ካልሲ ሻጯ መጣች፤
ስልኳን በፎጣ ውስጥ
እንደ በረደው ጫጩት ጠቅልላ አስቀመጠች።
እጇ በግ ይሸታል።
«ልጄ» አለች፣ «ቤቴ ሰው ገብቶብኛል።
በሩ እንደተዘጋ፣ ውሻው ሳይጮህበት፣
በስሜ ይጽፋል፣ በስሜ ይምላል፣ እኔ የሌለሁበት።
‹ኦርፌሊና እኅቴ፣ ሆስፒታል ነኝ› ብሎ፣
‹መቶ ሺህ ፔሶ ላኪ፣ ቶሎ በይ፣ በቶሎ።›
ኦርፌሊና ደግሞ መች ታውቃለች ጥርጥር፣
አሳማዋን ሸጣ ላከች ሳትቆጥር።»

ስልኩን ተቀበልኩኝ። ባንኩ ተራቁቷል፤
ኢሜይሏ በር ዘግቶ
የቤቱን እመቤት «አንቺ ማነሽ?» ብሏል።

«የይለፍ ቃልሽስ?» ስላት ዝም አለች።
በሩን ዞራ አይታ፣
እንደሚናዘዝ ሰው ጆሮዬ ሥር ቀርባ፣ «ቤላርሚኖ» አለች።

ባሏ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ። አሥራ አንድ ዓመቱ፣
ኮርኮቫዶ ሰላጤ እንደ ወጣ ቀርቶ፤
ጀልባዋ ተገኘች፣ አልተገኘም ፊቱ።
መቃብር የለውም፣ አበባ የሚያኖሩበት፣
ድንጋይም የለውም፣ ስም የሚጽፉበት፤
ስለዚህ ጻፈችው ጠዋት ጠዋት በጣቷ፣
ለባንኩ፣ ለፎቶው፣ ለክር መግዣ ቤቷ፤
አንድ ስም ለሁሉ፣ ስድሳ አንድ ከኋላው፣
የልደቱ ዘመን።
ማያው ላይ የሚታይ ነጠብጣብ ብቻ ነው።

«ጠንቋይ አይደለም» አልኋት፣ «ማንም አልገመተም፤
የክር ሱቁ መዝገብ ሲዘረፍ በሌሊት፣ እዚያ ነበር ስሙም።
አንዱን ቁልፍ ይዞ በየበርሽ ዞረ፣
ባንኩን አንኳኳበት፣ ፎቶውን ሞከረ፣
ሁሉም ከፈተለት።»
«ቤላርሚኖ ሲሉት» አለች ኤዱቪና፣
«የትኛው በሬ ነው የሚዘጋበት?»

ቆየች። ዝናብ ሰማን።
«ሌባውም ጻፈው ወይ? ፊደል በፊደሉ?»
«አዎ።»
«እንግዲያ በዚህ ዓለም ስሙን የሚጠሩ ሁለት ሰዎች አሉ።»

ቃሏን ስትጠብቅ ቃሏ ተሰበረ፣
በታማኝነቷ በር ሌባ ገብቶ አደረ።
‹ይለፍ› ስንል ውለን፣ በር ስንከፍት ውለን፣
ያለፈውን ሰው ግን ይለፍ መቼ አልን?

«አራት ቃል አምጪልኝ» አልኋት፣ «የማይዛመዱ፣
እንደ ጀልባ መንገደኛ
ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ስም ሳይጠያየቁ አብረው የሚሄዱ።
የሞተ ስም ይቅር፣ የቆመም ዘመድ፣ የውሻሽም ቢሆን፤
ለየበሩ ለየቅል፤ እንዳይጠፋብሽም
ከሱፍሽ ቅርጫት ሥር በደብተር ላይ ይሁን።
ስድስት ቁጥር ይመጣል፣ ሁለተኛ መቀርቀሪያ ነው፤
ባንክ ነኝ የሚል ድምፅ ቢምልም ቢያለቅስም
ቁጥሩን አትንገሪው።»

ስልኩን አቀበልኋት። አየችኝ።
«ዘወር በል» አለች።
ተማረች፣ ተማረች።

ጀርባዬን ሰጥቼ መስኮቱን ሳይ ቆየሁ፣
የጣቷን ኮቴ ግን በጆሮዬ ሰማሁ።
አዲሱ ተመዝግቦ፣ ልትገባ ስትሞክር፣
ጣቷ ግን ለምዶበት አሮጌውን ጻፈ።
ስልኩ ተንዘረዘረ፦ የተሳሳተ ቃል።
«አለፈ» አለች፣ ቀስ ብላ። «አለፈ።»

ገንዘብ አልቀበልም ብላት ከዘንቢሏ
አንድ ጥንድ ካልሲ፣ ግራጫ፣ ወረወረችልኝ፤
በር ላይ ቆም ብላ፣ ጥላዋን ዘርግታ፣
«ለመሆኑ» አለችኝ፣ «ሂሳብ ትችል የለ?
የኦርፌሊና አሳማ በካልሲ ሲመነዘር
ስንት ጥንድ ይሆናል፣
እሷ ካልተቀየመች፣ ዕድሜም ከቀጠለ?»